መርፌውን የሚያወጣ መድኃኒት

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ፣ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ኤርጫፎ የሚባል ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የመጣ ሸማኔ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ሲቀላ ሰፈር ከሚገኘው ዙሁራ መድኃኒት ቤት ገባ። ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አሳረፈና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣

«መርፌውን የሚያወጣ መድኃኒት ስጪኝ፣ ዶክተር» አለ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ረይሐና ሐቢብ ዶክተር አይደለችም፤ ፋርማሲስት ናት። የሲቀላ ሰው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይላል፤ እሷም ማረሙን ከተወች ቆይታለች።

«የምን መርፌ?»

«ትምህርት ቤት የወጉትን። በልጄ በሳባ ክንድ ውስጥ አለ። ቀትር ሲሆን ይወድቃል።»

«ማን ነው የሚወድቀው? መርፌው?»

«ልጅቷ ነዋ! ትላንት ዘጠኝ ሆነው ወደቁ። አንድ ላይ።»

ነገሩን በዝርዝር አስነገረችው። ከስድስት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በመንደሩ ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ተሰጥቷል። በዕለቱ ሁለት ልጆች ተራ ሲጠብቁ አዙሯቸው ወድቀው ነበር፤ ውኃ ተሰጥቷቸው ተነሡ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ ምንም አልነበረም። ሰኞ ቀትር ላይ ደወል ሆኖ የሚያገለግለው የመኪና ቸርኬ ሲመታ፣ ዘጠኝ ልጃገረዶች በቀኝ እጃቸው የግራ ክንዳቸውን ያዙ፤ ቀስ ብለው፣ የሚቀመጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ በግድግዳው ሥር ተንሸራተው ወረዱ። ዓይናቸው አልተከደነም። ሁሉም ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ እያዩ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ያጉረመርሙ ጀመር።

«ዜማ ነው?» አለች ረይሐና።

«ዜማ የለውም። ንብ ነው የሚመስለው። በኋላ ይነሣሉ፤ ውኃ ይላሉ፤ ምንም አናውቅም ይላሉ።»

ረይሐና ክትባት ከገባ በኋላ እንደማይወጣ፣ መውጣትም እንደሌለበት ነገረችው። ፓራሲታሞል ቆጥራ በወረቀት ከረጢት አደረገችና እንደ ልማዷ ማንበብ ለማይችል ሰው እንዲሆን ጠዋቱን በፀሐይ፣ ማታውን በጨረቃ ሣለችለት። ኤርጫፎ ሥዕሉን አተኩሮ አየው።

«ይሄ ያወጣል?»

«አያወጣም፤ ያስታግሳል።»

«ምኑን?»

ረይሐና ከረጢቱን ወደ እሱ ገፋችለት። እሱም ከፍሎ ወጣ።

ስለዚህች ሴት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አባቷ ሐቢብ ከስልጤ መጥተው በአርባ ምንጭ ጨውና ላምባ በጅምላ ይሸጡ የነበሩ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው የገበያ ልጅ ሆና አደገች፤ ፋርማሲ ተምራ ተመረቀች፤ በእናቷ ስም መድኃኒት ቤት ከፍታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከባንኮኒው ጀርባ ቆመች። ባገሩ ሰው ዘንድ ያስከበራት አንድ ሥርዓት ነበራት፤ መድኃኒቱ ለማን ነው? ሕመሙ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው? እስካሁን ምን ተወሰደ? እነዚህን ሦስቱን ሳትጠይቅ ለማንም አትሸጥም ነበር። ብር በእጁ ይዞ የተጣደፈውን ነጋዴም ሆነ መኪና የሚጠብቀውን ገበሬ ታስቆመው ነበር።

ክትባት ግን በእጇ አልፎ አያውቅም። ክትባት የመንግሥት ጤና ተቋማት ሥራ ነው፤ የእሷ ፍሪጅ ኢንሱሊን እንጂ ሌላ አይዝም። ስለ ክትባት የምታውቀው በተማሪነቷ ካጠናችው አንድ ምዕራፍ የቀረውን ሲሆን፣ የቀረውም ጥቂት ነበር። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሰው የሚጠይቀው መልስ ያለውን ሳይሆን ቅርብ ያገኘውን ነው፤ ስለዚህም ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ባለሙያ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የተወው ምዕራፍ አንድ ቀን በሰው ተመስሎ ከፊቱ መቆሙ አይቀርም።

ረቡዕ ሰባት ወላጆች ሆነው መጡ። የመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሻሺቱ ናት፤ ክትባቱን የሰጠችውም እሷው ናት። ስለዚህ ማንም ወደ እሷ አልሄደም፤ ደጃፋቸው ብትደርስም አላስገቧትም።

«አንቺ መርፌ የለሽም አይደል?» አሉ አንዲት እናት።

«አለኝ፤ እሸጣለሁ እንጂ አልወጋም።»

«እንግዲያው ካንቺ ጋር ነን።»

«ልጆቹ መካን ይሆናሉ ይባላል» አለ ሌላው።

«ማን ነው የሚለው?»

«የሚል ሰው አለ።»

«ስም የለውም?»

«ስም ካለውማ ወሬ አይባልም፣ ዶክተር!» አለ ኤርጫፎ፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ግን አንደኛው ሰው ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነበር። ከባንኮኒው ወዲያ ሰባት ሰዎች አርባ ምንጭ ላይ ቆመው፣ ከራሳቸው በላይ በተራራው ወገብ ላይ የሚሆነውን ይጠብቁ ጀመር። ረይሐናም ሳታስበው አብራቸው ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱን ዘግታ ለአብሮ አደጓ ለናትናኤል ደወለች። ናትናኤል አብሯት የተማረ፣ አሁን በጤና ቢሮ የክትባት ጉዳዮችን የሚከታተል ባለሙያ ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀሽ ምዕራፉን ከፈትሽው?» አላት።

«ቀልዱን ተወውና መመሪያውን ላክልኝ።»

ላከላት፤ ደብተሯ ላይ እየጻፈች አነበበች። ክትባቱ የተወጋበትን ቦታ ያሳምማል፤ ያሳብጣል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን መጠነኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል። እጅግ ጥቂት ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱ የአለርጂ ምልክት ያሳያሉ። መርፌ በመፍራት ራስን መሳት በልጃገረዶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ፍርሃቱም በዓይን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊተላለፍ ይችላል፤ ማስመሰል አይደለም፤ መድኃኒቱም ጸጥታና መለያየት ነው። ይህን ሁሉ ስታነብ ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ ቀለላት። ማወቅ ደስ ያሰኛል።

በማግስቱ ያነበበችውን በአንድ ወረቀት ጽፋ ከባንኮኒው በላይ ለጠፈችው። ወረቀቱ ጠባብ ነበርና ከመስመሮቹ አንዱ «ትኩሳት ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል» ብቻ ሆነ። ቀኖቹን ለመጻፍ ቦታ አልበቃም።

አርብ መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ከግፊያው መካከል ማዕዶት የምትባል የኦቾሎ ሴት ነጠላዋን እስከ አፏ ጠቅልላ ቀረበች።

«ልጄ ጽጌሬዳ እንደ ጓደኞቿ ወደቀች። ከትላንት ወዲህ ደግሞ ሰውነቷ ይፋጃል» አለች።

ረይሐና ወደ ወረቀቱ በጣቷ አመለከተች። «ይህ የታወቀ የክትባቱ ነገር ነው። ያልፋል። አትፍሪ።»

የሴቲቱ ፊት ወዲያው ተፈታ። ለረይሐና ያ ፊት ምስጋና መሰላት። ፀሐይና ጨረቃ ሥላ ፓራሲታሞሉን ሰጠቻት፤ ወደሚቀጥለውም ዞረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም ሳትጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት የሸጠችው በዚህ ቀን ነው። መልሱን ቀድማ ስላወቀችው ጥያቄው አላስፈለጋትም።

ሰኞ ጠዋት ሻሺቱ ደብተር በብብቷ ይዛ መጣች። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«እትዬ ረይሐና፣ አሥራ አራት ደረሱ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ቸርኬውን የሚመታ የለም። እነሱ ግን ሰዓታቸውን አይስቱም።»

«ለያይታችኋቸዋል?»

«ማን ይሰማኛል? አንድ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ ሲወድቁ እንዲይዟቸው። እሱ አይደለም ያመጣኝ።» ደብተሩን ገለጠች። «የወደቁትን ከክትባት መዝገቤ ጋር አመሳከርኩ። አሥራ ሦስቱ አሉ።»

«አንዷስ?»

«አልተከተበችም። በዚያን ቀን አልነበረችም። ካርዷም ባዶ ነው።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማ ነበር። ረይሐና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሷስ… ክንዷን ትይዛለች?»

«የግራውን። ልክ እንደነሱ። ያልተወጋ ክንድ እንዴት ያማል፣ እትዬ? ሰዉም ሰምቷል። መርፌው በራሱ መሄድ ጀመረ ነው የሚሉት፤ ከክንድ ወደ ክንድ።»

«ማን ናት?»

«የማዕዶት ልጅ። ጽጌሬዳ።»

ረይሐና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያልተከተበች ልጅ የክትባት ትኩሳት የላትም። ተከትባ ቢሆን እንኳ ትኩሳቱ የጀመረው ሐሙስ፣ ከክትባቱ ስምንት ቀን በኋላ ነበር፤ የክትባት ትኩሳት ስምንት ቀን አይጠብቅም። ሁለቱንም ታውቅ ነበር። የቀኖቹንም ልክ በእጅ ጽሑፏ ጽፋ ደብተሯ ውስጥ አኑራው ነበር።

«ትኩሳቷ ስንት ደረሰ?» አለች።

«የምን ትኩሳት?»

«አርብ እናቷ ነገረችኝ። ክትባቱ ነው አልኳት።»

ሻሺቱ ደብተሩን ከደነችው። «እኔን ደጃፏ ላይ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጄን አትንኪ፤ ዶክተሯ ያልፋል ብላለች› ነው ያለችኝ።»

ባጃጅ ተሳፍረው በሰሜን በኩል ወጡ። ላንቴ በሚባለው የቆላ መንደር መንገዱ በሙዝ እርሻ መካከል ያልፋል፤ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ነፋስ ሳይኖር ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ቦዮቹም ውኃ ቋጥረዋል። ከተራራው ሥር ባጃጁ አልወጣ አላቸውና በእግር ቀጠሉ። ኦቾሎ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ጭጋጉ አንዴ ሲገለጥ ከታች ቀይ ውኃ ያረፈበት አባያ ይታያል፤ ሲዘጋ ደግሞ የገዛ እግራቸው አይታይም። አንድም የሸማኔ ዕቃ ድምፅ አልተሰማም። በኦቾሎ ቀትር ላይ የሽመና ድምፅ የማይሰማው ሰው ሲሞት ነው፤ ሻሺቱም ይህን ስለምታውቅ መሮጥ ጀመረች።

የመንደሩ መግቢያ ላይ ድምፁን ሰሙት። ኤርጫፎ እንዳለው ዜማ የለውም። ከአንድ ቤት ግድግዳ ሥር አሥራ ሦስት ልጃገረዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው የግራ ክንዳቸውን ይዟል፤ ዓይናቸው ጭጋጉን አልፎ ሐይቁ ወዳለበት ያያል። ረይሐና በፊታቸው ማለፍ ነበረባት። ዓይን ለዓይን የገጠማት አልነበረም፤ እንደ መስኮት አሳልፈው ያዩዋታል። አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ የራሷ ግራ ክንድ ከትከሻዋ ጀምሮ ቀዘቀዘ፤ ከበደም። ማጉረምረሙ ከልጆቹ ሳይሆን ከራሷ ጉሮሮ ሥር የሚመጣ መሰላት። በእጇ ግድግዳውን ያዘች።

«እትዬ! ወደነሱ አትይ!» አለች ሻሺቱና ጎትታ አሳለፈቻት።

መመሪያው ላይ ‹በዓይን ይተላለፋል› የሚለውን ሦስት ጊዜ አንብባው ነበር። ያነበበችው ነገር ይህ መሆኑን ግን አላወቀችም ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመንደሩ ሸንጎ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ በዱቡሻው፣ የእርቅና የሕግ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ተቀምጠዋል። በጋሞ ሰው ዘንድ ሕግ ተጥሶ ሲደበቅ ‹ጎሜ› ይሆናል፤ ጎሜ ደግሞ በጣሰው ሰው ብቻ ሳይሆን በልጅ፣ በከብት፣ በእህል ላይ ይወጣል። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ የደበቀው ሰው በሸንጎው ፊት ቆሞ ይናገረዋል። ሽማግሌዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ‹የደበቀ ይናገር› እያሉ ነበር፤ የተናገረ የለም። ማዕዶት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች።

ሻሺቱ ቀርባ፣ «ጽጌሬዳን ልያት። አንድ ጣቷን ብቻ ነው የምወጋው፤ የወባ ምርመራ ነው» አለች።

«ሌላ መርፌ?» አለች ማዕዶት ብድግ ብላ። «ዶክተሯ ያልፋል ብላለች። ይኸው ራሷ መጥታለች፤ ትናገር!»

ሁሉም ወደ ረይሐና ዞረ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሣሩን በእጃቸው እንደያዙ፣

«ልጄ፣ ብለሻል?» አሏት።

«ብያለሁ። ስሕተት ነው የተናገርኩት።»

«መድኃኒት አዋቂ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ አባቴ። ልጅቷ መቼ እንደተከተበች አልጠየቅሁም። ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን እንደመጣ አልቆጠርኩም። ሰው በዝቶብኝ ነበር፤ የማውቀውም መሰለኝ። ይህ ትኩሳት የክትባቱ አይደለም። አያልፍም። ይገድላታል። ይህን የምለው በራሴ ላይ ነው፤ ልጅቷ ብትሞት የገደላት የእኔ ቃል ነው።»

የተማረ ሰው ዱቡሻ ላይ ቆሞ ‹ተሳሳትኩ› ሲል ኦቾሎ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስም ሣሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያም ለረይሐና ሳይሆን ለሴቶቹ፣ «እንግዳዋ ተናገረች። የቤቱ ሰውስ?» አሉ።

ማዕዶት ከቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አልተከተበችም» አለች። «ላንቴ እህቴ ዘንድ ደብቄያት ነበር። ሁለት ሳምንት። ሙዝ እርሻው ውስጥ ነበር የምታድረው። ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ያስከትብ ብላችሁ እዚሁ ሣር ይዛችሁ ተናግራችኋል፤ እኔ ጣስኩ። መካን እንዳትሆንብኝ ፈራሁ። ስትመለስ ጓደኞቿ ይወድቃሉ፤ አብረሽ ውደቂ፣ ክንድሽን ያዢ አልኳት፤ እንዳያውቁብን። እንደ ጨዋታ ነበር። ኋላ ግን ሳልነግራትም መውደቅ ጀመረች።»

አርብ መድኃኒት ቤት ውስጥ የተፈታው ፊት ምስጋና እንዳልነበረ ረይሐና የተረዳችው ያን ጊዜ ነው። ‹ክትባቱ ነው› የሚለው ቃል ለማዕዶት መሸሸጊያ ነበር፤ ባለሙያዋ ራሷ ልጇን ከተከተቡት ቆጥራላታለች።

ጽጌሬዳ ከጨለመ ቤት ውስጥ በቁርበት ላይ ተጋድማ አገኟት። ስሟ ሲጠራ አትመልስም፤ ጥርሷ ገጥሟል፤ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል። ቀኝ እጇ አሁንም የግራ ክንዷን ይዟል፤ ሻሺቱ የምትወጋውን ጣት ለማግኘት አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት። የምርመራዋ ቁራጭ ላይ ሁለቱም መስመሮች ወጡ። ወባ ነው፤ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፤ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰውነት የማይችለው። ሻሺቱ ለመንገድ የሚሆነውን፣ በአፍ የማይሰጠውን የመጀመሪያ መድኃኒት ሰጠቻት፤ ወንዶቹ የሽመና እንጨት በጋቢ አያይዘው ቃሬዛ ሠሩ። ኤርጫፎ የፊቱን ጫፍ ያዘ።

ሲወርዱ በልጃገረዶቹ ፊት አለፉ። ቃሬዛው ሲያልፍ ማጉረምረሙ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ አንድ በአንድ፣ በተራ እየተቋረጠ ሄደ። ሳባ አባቷን አይታ «የት ነው የምትወስዷት?» አለች፤ በወትሮ ድምፅዋ። በማግስቱ ሁለት ብቻ ወደቁ፤ ወላጆችም ሻሺቱን ሰምተው ልጆቹን በየቤታቸው አኖሯቸው። ከዚያ በኋላ የወደቀ የለም። ያ የሆነው በመለያየታቸው ነው ወይስ ዱቡሻው ላይ በተነገረው የሚለውን ኦቾሎ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል።

ጽጌሬዳ በሆስፒታል ሦስት ቀን ሳትነቃ ቆየች። በአራተኛው ቀን ነቃች። ሐኪሙ ለማዕዶት «በማግስቱ ብታመጧት ኖሮ አላገኛትም ነበር» አላት። ልጅቷ ድናለች፤ ግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም።

ረይሐና በዚያው ሳምንት ወረቀቱን ከባንኮኒው በላይ አንሥታ ቀኖቹን የያዘ ሰፊ ለጠፈች። ከዚያም ከክትባት በኋላ የሚደርስ ጉዳት የሚመዘገብበትን ቅጽ ከናትናኤል ቢሮ ወስዳ ቤቷ ተቀምጣ ሞላችው። የልጅቱን ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር ጻፈች። ቀጥሎ ‹ክትባቱ የተሰጠበት ቀን› ይላል። እሱን ባዶ ተወችው። በጀርባው ላይ ራሷ የተናገረችውን ቃል፣ ያልጠየቀችውን ጥያቄና ቀኑን አስፍራ ፈረመችና ራሷ ወስዳ ሰጠችው።

ናትናኤል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠው።

«ረይሐና፣ ይቺ ልጅ እኮ አልተከተበችም።»

«አልተከተበችም።»

«ታዲያ ክትባቱ ምን አደረጋት?»

«ክትባቱ ምንም። ስለ ክትባቱ የተባለው ነው።»

«ለእሱ ቅጹ ላይ ቦታ የለም። የት ላስቀምጠው?»

ረይሐና ከመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ፋይሎች አየች። የአሥራ ሦስቱ ልጆች ቅጾች አንድ ላይ ታስረው ከላይ ነበሩ።

«ከነሱ ጋር አድርጋት» አለችው። «አብራቸው ወድቃለች።»